የሱስ ሕክምናን ከታካሚዎቹ ጋር መሥራት፦ ለሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች የሚሆን መመሪያ

የመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ ሦስት ሰው መጣ። ከሦስቱ አንዱ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነበር።

የጠራነው አርባ ሰው ነው። ደብዳቤ ጽፈናል፣ ማኅተም መትተናል፣ በየቀበሌው በትነናል። ቀኑ የገበያ ቀን መሆኑን ግን ማናችንም ልብ አላልንም። ከፊት ጠረጴዛው ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀምጧል። አጠገቡ የጸጥታ ኃላፊው፣ ቀጥሎ እኔ። ከጀርባችን «ከሱስ የጸዳ ትውልድ እንፍጠር» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ከመጡት ሰዎች አንዱ ባነሩን ቀና ብሎ አየና «እኛ እንግዲህ ቆሻሻው ነን?» አለ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረም። በሃያ ደቂቃ ተበተንን።

ያን ጊዜ የሥነ አእምሮ ነርስ ሆኜ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጋግመን ሞክረናል። አንዳንዱ ሠርቷል፣ አንዳንዱ አሳፍሮናል። የምጽፈው ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለባልደረቦቼ ነርሶች፣ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎችና ለዕድር ዳኞች ነው። የአረቄ፣ የጫት ወይም የሌላ ሱስ ሕክምና ስትጀምሩ ወይም ስታሻሽሉ፣ የሚታከሙትን ሰዎች እንዴት ከውሳኔው ታስገቧቸዋላችሁ? ጉዳዩ ይኸው ነው።

«እነሱ ምን ያውቃሉ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ከራሳችን አገር አለ። ኤችአይቪ ሰውን ሁሉ ባስደነገጠበት ዘመን መቅድምንና ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ ማኅበራትን ያቆሙት ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በኋላም በየጤና ተቋሙ መድኃኒት ያቋረጠውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው የፈለጉት እነሱው ነበሩ። ነጭ ገዋን የለበሰው ያላገኘውን ሰው አገኙት። በሶዶ ወረዳም የአእምሮ ሕሙማን፣ ቤተሰቦቻቸውና የጤና ባለሙያዎች አብረው ተቀምጠው አገልግሎቱን ለማሻሻል የሠሩት የምርምር ሥራ አለ። ሱስ ላይ ግን ገና ነን። የጠጣ ሰው ሲባል የምንመክረው እንጂ የምናማክረው አይመስለንም።

አንደኛ፦ ከማን ጋር እንደምታወሩ እወቁ

«ሱሰኛ» የሚባል አንድ ዓይነት ሰው የለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ የታወቀ ነው፣ አረቄዋም እንዲሁ። ሁለት ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎችም አሏት። እዚያ ጠዋት «ለብርዱ» ተብሎ አንድ መለኪያ መጨለጥ ነውር አይደለም። ጠላ ቀለል ይላል። አረቄ ግን የአልኮል መጠኑ 40 በመቶ ላይና ታች ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው የምጠጣው» የሚለው ሰው ትንሹ ትንሽ ላይሆን ይችላል።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ አየሩም ወጉም ይለወጣል። በርጫው፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት መቃሙ፣ ይበዛል። ከሰዓት ይቃማል፣ ማታ ምርቃናውን፣ ማለትም የጫቱን ሞቅታ፣ ለመስበር ጨብሲ ተብሎ ይጠጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ለፈተና ብሎ የጀመረ ተማሪ አለ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አለ። ሾፌር አለ። ቤት ንብረቱን ጥሎ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው አለ። አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ እናት አለች፤ እሷም ትጠጣለች።

ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት በቀበሌያችሁ እነዚህ እነማን እንደሆኑ ጻፉ። ስም አይደለም፤ ዓይነታቸውን ብቻ። ከዚያ ካርድ ክፍል ሂዱና ባለፈው ዓመት ለዚህ ችግር ማን እንደመጣ እዩ። እኛ ስናየው የመጡት በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ሴት የለችም፣ ተማሪ የለም። መጠራት የነበረባቸው ያልመጡት ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ በእጃችሁ ያለውን ለዩ

ሰውን ጠርቶ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ማለት ቀላል ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎቹ አልጋ ያለው ማገገሚያ ይጠይቃሉ። እናንተ ያላችሁ አንድ ክፍልና አንድ ነርስ ነው። እንደገና ሲጠሩ አይመጡም።

ስለዚህ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈሉ። አንደኛው፣ ጤና ጣቢያው ዛሬ ራሱ ሊለውጠው የሚችለው፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ማን በሩ ላይ ይቀበል፣ ቀጠሮ እንዴት ይሰጥ። ሁለተኛው፣ ወደ ወረዳ ወይም ወደ ዞን የሚጠየቅ፦ የሰው ኃይል፣ የመድኃኒት አቅርቦት፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ አማኑኤልና ጳውሎስ የሚላክ ታካሚ መንገድ። ሦስተኛው፣ ከጤና ቤቱ የሚወጣ። ለምሳሌ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ይህን ማስከበር የነርስ ሥራ አይደለም። ግን ሰዎቹ ካነሱት ለሚመለከተው ማድረስ ትችላላችሁ።

ወረቀቱን ስብሰባው ሲጀመር አንብቡላቸው። «ይህን ዛሬ እንወስናለን፤ ይህን እንጠይቃለን፤ ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው።» ሰው እውነቱን ሲሰማ አይከፋውም። የመጀመሪያው ሳጥን ባዶ ከሆነ ግን፣ ማለትም ሁሉ ነገር ተወስኖ ካለቀ፣ ስብሰባውን ተዉት። ለፎቶ ብላችሁ ሰው አታስመጡ።

ሦስተኛ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ

የገበያ ቀን አይሆንም፤ ከራሳችን ተማሩ። ወር በገባ በ12 እና በ21 አትጥሩ። ሚካኤልና ማርያም ናቸው፤ ግማሹ ንግሥ ላይ፣ ግማሹ ማኅበር ላይ ነው። እንደ ቀወት፣ እንደ ኤፍራታና ግድም ባሉ ወረዳዎች የዓርብ ስግደትን አስቡ። የአጨዳና የውቂያ ሰሞን ደግሞ ከነጭራሹ እርሱት።

ሰዓቱ የበለጠ ስስ ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው ማልዶ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሳይቀምስ ሰው ፊት መቀመጥ አይችልም። የሚቅም ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ነው የሚተኛው። ከሰዓት ደግሞ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሀራራው፣ የጫት አምሮቱ፣ ሲመጣ አእምሮው እዚያ ነው። እኛ ዞረን ዞረን 4 ሰዓት ተኩል ላይ አረፍን፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል አናስበልጥም። የእናንተው ሊለይ ይችላል። ጠይቋቸው። ደግሞም ይህ እነሱ ራሳቸው የሚወስኑት የመጀመሪያው ነገር ቢሆን ጥሩ ነው።

ቦታው የቀበሌ አዳራሽ አይሁን። አዳራሽ ሰውን ወደ ኋላ ወንበር ይገፋዋል። ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ያለ ቦታም አይሁን። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለ ጸጥ ያለ ክፍል፣ የዕድር ቤት፣ የሰው ግቢ ይሻላል። ክብ ሆኖ መቀመጥ፣ ቡና ማፍላት፣ ቆሎ ማቅረብ። አንድ ሌላ ቦታ በተደረገ ተመሳሳይ ስብሰባ ላይ በሆቴል ምሳ ተጋብዘን፣ አስተናጋጁ ለእያንዳንዱ ሰው ቢራ ከፍቶ አስቀመጠ። ማንም አስቀድሞ አልነገረውም። ያን ቀን ከጠጣ አራት ወር የሆነው አንድ ሰው ጠርሙሱን እያየ ምሳውን ሳይነካ ወጣ። እባካችሁ ለአስተናጋጁ ንገሩ።

ባለፉት ዓመታት መንገድ ድንገት የሚዘጋበት፣ ሰው ተሰብስቦ መታየት የሚያሳስብበት ጊዜም አጋጥሞናል። ያን ጊዜ አርባ ሰው ከመጥራት አምስት አምስት ሰው አራት ቦታ ማግኘት ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ሰላም በሆነበትም ጊዜ አምስት ሰው የተሻለ ያወራል።

አራተኛ፦ አጠራር

በደብዳቤ አትጥሩ። በዕድር ጡሩንባም አይሆንም። በትንሽ ከተማ «ለሱስ ስብሰባ የተጠራ» ተብሎ መታየት ትዳርም ሥራም ያሳጣል።

የሠራልን መንገድ ይህ ነው። አሁን ክትትል ካላቸው ሰዎች ሁለት ሦስቱን ለብቻ አናገርናቸው። ምን እንደምንፈልግ፣ ለምን እንደምንፈልግ፣ እምቢ ማለት እንደሚቻል ነገርናቸው። እምቢ ማለቱ ሕክምናውን እንደማይነካበት ሁለቴ ንገሩት፤ አንዴ አይበቃም። ሐኪሙ የጠየቀውን እምቢ ማለት ለእኛ ሰው ከባድ ነው። «እሺ ጌታዬ» ይላል፣ ከዚያ አይመጣም። ከተስማሙት እያንዳንዳቸው አንድ የሚያውቁትን፣ ጤና ጣቢያ ረግጦ የማያውቅ ሰው ይዘው እንዲመጡ ለመንናቸው። ያ ሁለተኛው ሰው ወርቅ ነው። ለምን እንዳልመጣ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚዞሩ ብዙ ያውቃሉ። ስም ዝርዝር ግን አታስወጧቸው። መልእክት ያድርሱ፣ ይበቃል።

አምስተኛ፦ ገንዘቡ

የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ሲሰጣችሁ የልጆቹን እራት ነው የሰጣችሁ። ስለዚህ የትራንስፖርትና የውሎ ክፍያ ይከፈል። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ የምታስመጡት ሰው ካለ ደግሞ ማደሪያውን ጭምር አስቡ።

«ብር ብንሰጣቸው ይጠጡበታል» የሚለውን ክርክር መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የእኛን አበል ምን እንደምናደርግበት የጠየቀን ሰው የለም። ደግሞ እኔ የማውቃቸው ባለሙያዎች አበላቸውን በሙሉ ደብተር ገዝተውበት አያውቁም።

ያም ሆኖ ነገሩን ቀላል አታድርጉት። አንዳንዱ ሰው ራሱ «ጥሬ ብር ባትሰጡኝ ይሻለኛል» ይላል። ሚስቱ እንድትቀበልለት ወይም በሞባይል ካርድ እንዲሆንለት ይጠይቃል። ምርጫው የእሱ ይሁን። እናንተ ግን በእሱ ፋንታ አትወስኑ። ክፍያው ቀድሞ ይነገር፣ በዚያው ቀን ይከፈል፣ ለሁሉም እኩል ይሁን። «ፋይናንስ ቢሮ ሲፈቅድ» ብላችሁ ካሳደራችሁት ቀጣዩን ስብሰባ እርሱት።

ስድስተኛ፦ ከመጀመሩ በፊት የሚነገሩ ጥቂት ነገሮች

የጸጥታ ሰው አይገኝ። አልኮልና ጫት በሕግ የተከለከሉ አይደሉም፤ ካናቢስን የመሳሰሉ ዕፆችን መጠቀም ግን በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። ስለዚህ ማን ከየት እንደሚገዛ አትጠይቁ። ሊነግራችሁ የጀመረ ሰው ካለም ቀስ ብላችሁ አስቁሙት። ቃለ ጉባኤው ላይ ስም አይጻፍ። ስልክ አይቀረጽ። ፎቶ የለም። አለቃችሁ ለሪፖርት ፎቶ ከፈለገ የቡናውን ረከቦት አንሱለት።

ሰክሮ የመጣ ሰው ካለ ፊት ለፊት አታዋርዱት። አንድ ሰው ለይቶ ሻይ ያጠጣው፣ ወደ ቤቱ ይሸኘው፣ ለሚቀጥለው ይጠራ። ይህን ደንብ ያወጡልን ራሳቸው ናቸው። እኛ «የጠጣ አይግባ» ብለን ነበር። አንዱ ሽማግሌ «ለሞቅታ የቀመሰና የሰከረ አንድ አይደለም። እኔ ሳልቀምስ ብመጣ ነው የምትፈሩኝ» አለን። ልክ ነበር።

ቃላችሁንም ጠብቁ። «ሱሰኛ»፣ «ጀዝባ»፣ «ሰካራም» ከእናንተ አፍ አይውጣ። «መጠጥ ያስቸገረው ሰው» ማለት ምን ይከብዳል? እነሱ እርስ በርሳቸው የፈለጉትን ይጠራሩ። እዚያ ውስጥ እናንተ አትግቡ።

ሰባተኛ፦ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ

«አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ብትሉ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ነው። ጨዋነት ነው እንጂ መልስ አይደለም።

እንዲህ ብላችሁ ሞክሩ፦ «እርዳታ ልፈልግ ብለው የወጡበትን ቀን ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ።» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ትልቅ ወረቀት ላይ መንገዱን ሣሉ፦ ቤት፣ መኪና፣ የጤና ጣቢያው በር፣ ካርድ ክፍል፣ ምርመራ ክፍል፣ መድኃኒት ቤት፣ መልስ ጉዞ። ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕሉ ይበቃል። በየጣቢያው «እዚህ ምን ሆኑ?» በሉ። ሊመለስ ያሰበበት ቦታ ላይ የባቄላ ፍሬ ያስቀምጥ።

እኛ ጋር ባቄላው የተከመረው ምርመራ ክፍል አልነበረም። ካርድ ክፍል ነበር። ጸሐፊዋ በመስኮት «የመጠጡ ነህ?» ብላ ጮክ አድርጋ ትጠይቃለች፤ ሰልፉ ሁሉ ይዞራል። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ማንም የነገራት አልነበረም። ይህን ለማስተካከል ብር አላስፈለገም። ካርዱ ላይ የቁጥር ምልክት ተደረገና ጥያቄው ቀረ።

ሁለተኛው ክምር እኔው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ትንሽ ያሳፍረኛል። አንድ ልጅ ጫት ሊያቆም ሞክሮ «ዱካክ ይጫነኛል፣ ሌሊት ሰው ደረቴ ላይ ይቀመጣል» ብሎኝ ነበር። እኔ በመጽሐፍ ቋንቋ ተርጉሜ የአእምሮ ሕመም ምልክት ብዬ ጻፍኩት። ክቡ ላይ ሲያወራው አምስት ሰው ሳቀ። ጫት ያቋረጠ ሁሉ የሚያውቀው ቅዠት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ በሦስተኛው ሌሊት ፈርቶ ወደ ጫቱ አይመለስም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጫት ለማቆም የሚመጣን ሰው ስለ ዱካክና ስለ ሀራራ የሚያስረዳው ያለፈበት ሰው ነው። ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት ስለሌለ፣ ያለን መሣሪያ ምክርና ድጋፍ ነው። ምክሩን ካለፈበት ሰው በላይ ማን ይሰጠዋል?

መጠይቆቻችሁንም አስፈትሿቸው። ኦዲት የሚባለው የመጠጥ መለያ ቅጽ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቅጹ ግን መጠጡን በተወሰነ ልክ ይቆጥራል። የእኛ ሰው በመለኪያ፣ በጣሳ፣ በብርሌ ነው የሚቆጥረው፤ መለኪያውም ከቤት ቤት ይለያያል። ሁለት ተጠቃሚዎች ከየአረቄ ቤቱ መለኪያ ተውሰው አመጡልንና በውኃ እየሞላን በመርፌ ሲሪንጅ ለካነው። ያን ዕለት የተሳቀው ሳቅ! ግን ከዚያ በኋላ «አራት መለኪያ» ያለን ሰው ምን ያህል እንደጠጣ እናውቃለን።

ደግሞ «መዳን ለእርስዎ ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ «ሙሉ በሙሉ ማቆም» ብለን ጽፈናል። እነሱ ግን «እንቅልፍ»፣ «ከልጆቼ ጋር ራት መብላት»፣ «ዕቁቤን ሳላቋርጥ መጣል» አሉ። ክትትል ስናደርግ አሁን እነዚህንም እንጠይቃለን።

ስምንተኛ፦ ሴቶች ለብቻ

ወንዶች ባሉበት አንዲትም ሴት ስለ መጠጧ አታወራም። ይህን አትሞክሩት።

አረቄ የምታወጣ ሴት ጣዕሙን ለማወቅ ትቀምሳለች። ደንበኛ «አብረሽኝ ካልጠጣሽ» ይላታል፤ እምቢ ካለች ይቀየማል። ቀን ቀን የሚጠጣው ይደማመርና አንድ ቀን ያለሱ መነሣት ያቅታታል። «አቁሚ» ማለት «ሥራሽን አቁሚ» ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የቤት ኪራዩ ከዚያው ነው የሚወጣው። ይህን የነገረችን አንዲት እናት ናት። ከዚያ በፊት ለሴቶች የያዝነው ዕቅድ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት» የሚል ነበር። ግንዛቤ እሷ ከእኛ በላይ አላት።

ስለዚህ ሴቶቹን ሴት ባለሙያ ታናግራቸው። ልጅ ይዘው ይምጡ። ምክንያቱ ለጎረቤት የሚነገር ይሁን፤ የልጆች ክትባት ቀን ጥሩ ሽፋን ነው። ውይይቱ ውስጥ ከወረዳው የሥራ ዕድልና ብድር የሚሰጠውን ክፍል ሰው ከሁለተኛው ስብሰባ በኋላ አስገቡ፣ መጀመሪያ አይደለም። መጀመሪያ ያለማንም ይጫወቱ።

ዘጠነኛ፦ ጸበሉን አትዝለሉት

በእኛ አገር መጠጥ ያስቸገረው ሰው ከጤና ጣቢያ በፊት ጸበል ይሄዳል። ጻድቃኔ ማርያም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ። ይህን ጠይቁ፣ አትፍረዱ። ብዙዎች እዚያ ያገኙት እኛ ጋር የሌለ ነው፦ የሚቀበላቸው ሰው፣ ተመሳሳይ ችግር ያለው ጓደኛ፣ ከመንደር መራቅ።

አደጋ ግን አለ፤ ይህን ያለ ማድበስበስ መናገር ያስፈልጋል። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ማላብ ይጀምረዋል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ ሰው አለመለየት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ያልታከመ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ጤና ተቋም ውስጥ ግን በዲያዜፓም፣ ማለትም በማረጋጊያ መድኃኒት፣ እና በታያሚን፣ ማለትም በቫይታሚን ቢ 1፣ በክትትል ይታለፋል። ጾሞ፣ ሳይበላ፣ በብርድ ውኃ የሚጠመቅ ሰው ላይ ይህ ሲመጣ ሰዉ «መንፈሱ ነው» ይላል።

ጸበል ቦታ ያሳለፉትን ሰዎች ይዛችሁ ወደ አባቶች ሂዱ። እናንተ ብቻችሁን ብትሄዱ ልትከራከሩ የመጣችሁ ይመስላል። እነሱ ሲሄዱ ግን ልጆቻቸው ናቸው። የምትጠይቁት ትንሽ ነገር ነው፦ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሱባዔ ከመግባቱ በፊት ጤና ጣቢያ ይታይ፤ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር ይውሰድ፤ መንቀጥቀጥ ከጀመረው በዚያው ሰዓት ይጠራን። ለሙስሊም ታካሚዎችም እንዲሁ፣ መስጊዱ ጋር የሚሄደው የሚያውቁት ሰው ይሁን።

ቤተሰብን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። እናት፣ ሚስት፣ ወንድም ብዙ ተሸክመዋል፤ ይሰሙ። ግን በሌላ ቀን። እናት ባለችበት ልጅ አይናገርም፤ እሷ ትናገርለታለች።

አሥረኛ፦ በወሩ ውስጥ መልስ ይዛችሁ ተመለሱ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው አስተያየት ሰጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ተጠይቆ መልስ ያላገኘ ሰው ጭራሽ ካልተጠየቀው የባሰ ይርቃችኋል።

ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ያንኑ ሰው ጥሩና ያሉትን አንድ በአንድ አንብቡ። «ካርድ ክፍል ያላችሁት ተስተካክሏል። ቅዳሜ ይከፈት ያላችሁት በወር አንድ ቅዳሜ ሆኗል። ማገገሚያ ያላችሁት ለዞን ተጽፏል፣ መልስ አልመጣም። የነርስ ለውጥ ያላችሁት አይሆንም፤ ምክንያቱ ይህ ነው።» የነርስ ለውጡ ጥያቄ ስለ እኔ ነበር። አንብቤዋለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ወንበር ስጧቸው። ጤና ጣቢያዎች የሥራ አመራር ቦርድ አላቸው፤ የኅብረተሰብ ተወካይም ይቀመጥበታል። በየሩብ ዓመቱ ማኅበረሰቡ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት አሠራርም አለ። ተጠቃሚዎቹ በራሳቸው ምርጫ ሁለት ሰው ያስገቡ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ከዶክተርና ከአስተዳዳሪ መሐል ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ከቀረም ወንበሩ ባዶ ነው። ከቦርዱ ስብሰባ በፊት ግማሽ ሰዓት አጀንዳውን በተራ አማርኛ አስረዷቸው። «የአፈጻጸም ክፍተት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም ዘግይቼ ነው የገባኝ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከተወካዮቹ አንዱ ያገረሽበት ይሆናል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የሱስ ጠባይ ነው። ሲያገረሽበት ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ በጤናው ጊዜ ይናገር፦ ማን ይደውልለት፣ ማን ለጊዜው ይተካው፣ እንዴት ይመለስ። እኛ ይህን ሳናደርግ አንድ ሰው አጥተናል። አፍሮ ቀረ፤ እኛም አፍረን አልፈለግነውም። ሁለት ወር ቆይተን ስንደርስ አገር ለቆ ሄዷል።

አሥራ አንደኛ፦ ዕቅድ ውስጥ አስገቡት

ኃላፊ ይቀየራል። ነርስ ይዛወራል። እናንተ በፍቅር የጀመራችሁትን ተተኪው ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ሥራው በሰው ሳይሆን በዕቅድ ላይ ይቁም፦ የቡናው፣ የትራንስፖርቱ፣ የውሎ ክፍያው ወጪ በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ በራሱ መደብ ይጻፍ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ስላለው ተማሪዎቹን ለቃለ ጉባኤና ለክትትል መጠየቅ ይቻላል። ምርምር ሊሠሩበት ከሆነ ግን ለተጠቃሚዎቹ ቀድሞ ይነገር፣ ውጤቱም ለእነሱ ይነበብ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅድ የሚረቀቀው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ላይ የተጠራ ሰው ያለቀ ዕቅድ ነው የሚነበብለት። የመጀመሪያውን ቡና ከሚያዝያ አታሳልፉት። ሰሞኑ ብዙ ጊዜ የፋሲካ ማግስት ስለሚሆን ሁዳዴን ሳይጠጣ የከረመ ሰውም ታገኛላችሁ፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን እንዴት እንደቻለ ጠይቁት።